እጅ መታጠብን ሁሉም ያውቃል፤ ታዲያ የኮሮና ጊዜ ልማዳችን ወዴት ሄደ?

ጠያቂ፦ የክበብ አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ ከሚገኙ የወረዳ ከተሞች በአንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎንም የትምህርት ቤቱን የጤናና የንጽሕና ክበብ አስተባብራለሁ። ጥያቄዬ ከዚሁ ሥራ የመጣ ነውና ትንሽ ብረዝም ታገሡኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ሁላችንም እናስታውሳቸዋለን። ትምህርት ቤቶች ወዲያው ተዘጉ፤ ስልክ ስንደውል እጃችንን እንድንታጠብ የሚያሳስብ ድምፅ ይቀበለን ጀመር፤ በባንክ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ፣ በታክሲ ተራ ሳይቀር ቧንቧ የተገጠመላቸው ሮቶዎችና ጀሪካኖች ተደረደሩ፤ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችም መንገደኛውን እያስቆሙ ያስታጥቡ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ «ቢያንስ ለ20 ሰከንድ» የሚለውን ቃል በቃሉ ይወጣው ነበር።

አሁን ሮቶዎቹ ወይ ተሰነጣጥቀዋል፣ ወይ ለሌላ አገልግሎት ውለዋል፤ ባለበት የቆመው ደግሞ ቧንቧው ከተነቀለ ቆይቷል። ይህን ሳይ ሰው ትምህርቱን ረስቶት ይሆን ብዬ አስብ ነበር። ባለፈው ወር ግን ከክበቡ አባላት ጋር ሆነን አንድ ቀላል ነገር ሞከርን። በመጀመሪያ ተማሪዎቹን እጅ መቼና እንዴት መታጠብ እንዳለበት ጠየቅናቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አሟልተው መለሱ። ከዚያም በእረፍት ሰዓት ከመጸዳጃ ቤቱ ትይዩ ካለው የባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን የሚሆነውን ተመለከትን። የቧንቧ ውሃ በነበረበት ቀን እንኳ አብዛኞቹ ቧንቧውን አልፈው ወደ ጨዋታቸው ሮጡ፤ ከቆሙትም ብዙዎቹ የጣታቸውን ጫፍ አርጥበው በሱሪያቸው ጠረጉት። በዚያው ዕለት ጠዋት በክፍል ውስጥ የእጅ መታጠብን ጥቅም አንድ በአንድ የዘረዘረልኝ ጎበዝ ተማሪም ከሮጡት መካከል ነበር። ለፍትሕ ያህል መናገር ያለብኝ፣ ከመምህራኑ መጸዳጃ ቤትም ሳሙና ከጠፋ ወራት ማስቆጠሩን ነው፤ ይህን እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩትም ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ እወዳለሁ። አንደኛ፣ እውቀቱ ካለ ልማዱ ለምን ጠፋ? ሁለተኛ፣ ቫይረሱ በዋናነት በአየር የሚተላለፍ መሆኑ ኋላ ላይ ተረጋግጧል ይባላልና፣ ያ ሁሉ የእጅ መታጠብ ዘመቻ ስሕተት ነበር ማለት ነው? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን እየጠቀሰ የክበባችንን ሥራ ያቃልለዋል። ሦስተኛ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት፣ ሳሙና ባስቀመጥን ማግስት በሚጠፋበት ትምህርት ቤት ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ የአካባቢ ጤና ባለሙያ

የተከበሩ መምህር፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ያዩት ነገር በሙያችን ውስጥ ያለን ሰዎች ከመጠይቅ ይልቅ የምናምነው ማስረጃ ነው። ሰው እጁን ይታጠብ እንደሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስና በዓይን ሲታይ የሚያደርገው ነገር በየትኛውም አገር ሰፊ ልዩነት አለው፤ ውሸታም ስለሆነ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን እንደሚያደርገው አድርጎ ስለሚቆጥር ነው።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ ባልደረባዎ ያነሱት ነገር ሊሸሽ አይገባውምና። ወረርሽኙ በጀመረባቸው ወራት እኛም የጤና ሰዎች ቫይረሱ ከዕቃ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፊት ይሄዳል የሚለውን ሥጋት ከልክ በላይ አግዝፈነው ነበር። የገበያ ዘንቢል በበረኪና ያጠበ፣ የብር ኖት በፀሐይ ያሰጣ ሰው ጥቂት አይደለም፤ እኔም አንዱ ነኝ። በኋላ ማስረጃው ሲከማች፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ባወጣው ማብራሪያ፣ የተበከለ ዕቃን አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድል በአብዛኛው ከ10,000 አንድ እንደማይሞላ ገለጸ። ዋናው መንገድ አብረን የምንተነፍሰው አየር ነበር። ስለዚህ ለኮሮና ብቻ ከታሰበ፣ የታክሲ መስኮት መክፈትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ከእጅ መታጠብ የበለጠ ክብደት ሊሰጣቸው ይገባ ነበር። ባልደረባዎ እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ስሕተታቸው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እጅ መታጠብ የአንድ ቫይረስ መድኃኒት ሆኖ አልተፈጠረም። ልዩ ልዩ ጥናቶችን ያጠቃለሉ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት፣ በሳሙና መታጠብ የተቅማጥ በሽታን 30 በመቶ ገደማ፣ ጉንፋንን የመሳሰሉ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞችን ደግሞ ከ16 እስከ 21 በመቶ ይቀንሳል። በአገራችን ኮሮና ከመግባቱ በፊትም ሆነ ከገባ በኋላ ኮሌራ አልጠፋም፤ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጭምር ያስጨነቀውን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወይም «አተት» ያልነውን የሚዘነጋ ያለ አይመስለኝም። ትራኮማም አለ፤ የዓለም ከፍተኛው ጫና ያለው በኢትዮጵያ ሲሆን፣ የልጆችን ፊት ማጠብ ከመከላከያው አራት ምሰሶዎች በአንዱ ውስጥ ይገኛል። እርስዎ ባሉበት ክልል ትራኮማ ምን ያህል ዓይን እንዳጠፋ እኔ ልነግርዎ አያስፈልግም።

ሳሙና እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎችዎ ቢያስረዷቸው ደስ ይላቸዋል። የሳሙና ሞለኪውል አንደኛው ጫፍ ውሃን፣ ሌላኛው ጫፍ ስብን ይወዳል። የኮሮና ቫይረስ ደግሞ የተሸፈነው በስብ ነው። ስብ ወዳዱ ጫፍ በሽፋኑ ውስጥ እየተሰነቀረ ይገነጣጥለዋል፤ ይህ የወጥ ቅባት ከሳህን ላይ ከሚለቅበት መንገድ የተለየ አይደለም። እንደ ኖሮቫይረስና የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ያሉት ግን ይህ የስብ ልብስ የላቸውም፤ እነርሱን ሳሙና አይገድላቸውም፣ ከቆዳ ላይ አላቅቆ ከውሃው ጋር ይሸኛቸዋል እንጂ። አልኮል በእነዚህ ላይ ደካማ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጭቃና ቅባት የነካው እጅ ላይ ሲፈስማ ጉልበቱ ይበልጥ ይቀንሳል። ሳኒታይዘር በኪሱ ስለያዘ ብቻ ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ ቧንቧውን የሚያልፍ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ሃያው ሰከንድ በሰዓት የሚለካ አይደለም፤ «አባታችን ሆይ» ተረጋግቶ ሲደገም ይሞላዋል። ሰው ሁሉ የሚረሳቸው ቦታዎች አውራ ጣት፣ የጣቶች ጫፍና የጥፍር ሥር ናቸው። ማድረቅም የመታጠቡ አካል ነው፤ እርጥብ እጅ ተህዋስያንን ከደረቅ እጅ በበለጠ ያስተላልፋልና። ውሃው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ለውጥ የለውም። «ፀረ ባክቴሪያ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ሳሙና መግዛትም አያስፈልግም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ከእጅ ሳሙና ያስወጣው ከተራው ሳሙና መብለጣቸው ስላልተረጋገጠ ነበር።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። በ2012 ሰውን ያስታጠበው አዲስ እውቀት አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ይህንኑ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አዲሶቹ ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ ፍርሃቱና በር ላይ የቆመው ሮቶ። ፍርሃቱ ሲበርድ፣ ሮቶው ሲነሣ ልማዱም አብሮ ተነሣ።

መልስ፦ ከአራተኛ ፎቅ

ወንድሜ ባለሙያው የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ስለ ልማድ ከማውራታችን በፊት ስለ ውሃ ብናወራ ይሻላል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ወረርሽኙ በበረታበት ጊዜ በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነበር የሚመጣው፤ ግፊቱ ወደ ላይ ስለማይወጣም ከምድር ቤት ቀድተን በደረጃ እንሸከማለን።

በዚያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ያሰላሁትን ላካፍላችሁ። አምስት ነን። አንድ ሰው አንዴ በደንብ ለመታጠብ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል ብንልና እያንዳንዳችን በቀን ስምንት ጊዜ ብንታጠብ፣ ለእጅ ብቻ 20 ሊትር ይሄዳል። ይህ አንድ ሙሉ ጀሪካን ነው። በየቀኑ አራት ፎቅ የሚወጣ አንድ ጀሪካን፣ ከመጠጡ፣ ከማብሰያው፣ ከመጸዳጃ ቤቱና ከልብስ አጠባው ውጪ ማለት ነው። በቴሌቪዥን አንድ ሰው ቧንቧውን እንደከፈተ እጁን ሲያሽ ባየሁ ቁጥር እናቴ «ዝጋው!» እያለች ትጮህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት ሪፖርት፣ በቤቱ ውሃና ሳሙና ያለው የእጅ መታጠቢያ የሌለው የዓለም ሕዝብ 3 ቢሊዮን እንደሚሆን ተገልጿል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ያለው ቤተሰብ ከአሥሩ አንዱ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ አገር «አውቀው አይታጠቡም» ማለት ሰውን ያለ ጥፋቱ መውቀስ ይመስለኛል። ውሃው ሲጠብ ከሁሉም በፊት የሚቀነሰው ማንም የማያየው ነገር ነው፤ ወጡ አይቀነስም፣ ልብሱም አይቀርም፤ እጅ ነው የሚቀነሰው።

የጠቀመኝን ነገር ግን ልናገር። ከመርካቶ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ ገዝቼ በአሮጌ ጀሪካን ግርጌ አስገጠምኩና በመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ በበርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሥሩ ባልዲ አለው። በጆግ እየቀዳን ስንታጠብ ከሚሄደው ውሃ እጅግ ያነሰ ይበቃናል፤ እጃችንን አርጥበን፣ ዘግተን፣ በሳሙና አሽተን፣ እንደገና ከፍተን ስለምናለቀልቅ ነው። ባልዲው ውስጥ የሚጠራቀመውም ለመጸዳጃ ቤቱ ይደፋል። ጀሪካኑ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ልጆቼም እስከ ዛሬ ይታጠባሉ። ኮሮናን ስለሚያስታውሱ አይመስለኝም፤ ትንሹ ልጄ ያኔ ገና አልተወለደም ነበርና።

መልስ፦ ነርስ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ የጀሪካንሽ ነገር ሆስፒታል ውስጥ የማየውን አስታወሰኝ። ውሃም ሳሙናም በየክፍሉ በሞላበት አገር ለረጅም ዓመታት በነርስነት ስሠራ ቆይቻለሁ፤ እዚህም ቢሆን እጅን መታጠብ ማወቅና መታጠብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ምስክር ልሆን እችላለሁ። ያውም የተማረ፣ በየዓመቱ የሚፈተን ባለሙያ መካከል።

እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የተደረገ ክትትል አለ። ሐኪሞችና ነርሶች እጃቸውን ማጽዳት ከሚገባቸው አጋጣሚዎች ሁሉ በተግባር ያጸዱት በ48 በመቶው ብቻ ነበር። ከግማሽ በታች መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሆስፒታሉ ያደረገው ዋና ነገር ትምህርቱን ማብዛት አልነበረም፤ የአልኮል ማሻሻውን ከእጅ መታጠቢያው ገንዳ አንሥቶ በየታማሚው አልጋ ራስጌ ሰቀለው፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ያዘጋጇቸውን ሥዕላዊ ማስታወቂያዎችም በየግድግዳው ለጠፈ። በ1997 ቁጥሩ ወደ 66 በመቶ ከፍ አለ፤ በሆስፒታሉ ውስጥ የሚያዙ ኢንፌክሽኖችም ቀነሱ። ነርሷ በቀድሞው አሠራር ሰነፍ ሆና አልነበረም፤ ገንዳው ድረስ ሄዶ፣ ታጥቦና ደርቆ ለመመለስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ይህን በአንድ ፈረቃ ብዙ ጊዜ ማድረግ ደግሞ ታማሚን ጥሎ መሄድ ነው። ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት ስም የሚታወቀው «አምስቱ የእጅ ንጽሕና ጊዜያት» የሚባለው መመሪያም የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው።

እውቀት ብቻውን ስለማይበቃ ነገር የሚነገረው ትልቁ ታሪክ ግን የኢግናዝ ዜመልቫይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል በሐኪሞች በሚመራው የማዋለጃ ክፍል ብዙ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር፤ አዋላጆች በሚሠሩበት በሌላኛው ክፍል ግን ሞቱ በጣም ያነሰ ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቻቸው አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በቀጥታ ወደ ወላዶች እንደሚመጡ ዜመልቫይስ ተገነዘበ። እጃቸውን በክሎሪን ኖራ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ፣ በኤፕሪል ከ18 በመቶ በላይ የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ይመጣል? ሆኖም ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ የጨዋ ሰው እጅ በሽታ ያስተላልፋል መባሉ ክብራቸውን ነክቶባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ፤ ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ መምህር፣ ተማሪዎችዎ የቪየናና የጄኔቭ ሐኪሞች ያልቻሉትን ባይችሉ አይፍረዱባቸው። እኔ ብሆን ሰባተኛውን የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት ከማዘጋጀቴ በፊት ቧንቧው ከመጸዳጃ ቤቱ በር ስንት እርምጃ እንደሚርቅ እለካ ነበር።

መልስ፦ የድሮ ሰው

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። እጅ መታጠብ በ2012 ከውጭ የመጣ ይመስል የምትናገሩት ነገር አለ። እኛ ቤት ማንም ሰው ሳይታጠብ ወደ ገበታ ቀርቦ አያውቅም። ከልጆቹ አንዱ ፎጣ በትከሻው ጣል አድርጎ፣ በግራ እጁ ሳፋ በቀኙ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ከአዛውንቱ ጀምሮ እየዞረ ያስታጥባል፤ ሲመረቅም ደስ ይለዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ይህ ወራጅ ውሃ ነው። ሁሉም በአንድ ሳፋ እጁን አይነክርም፤ ለእያንዳንዱ ንጹሕ ውሃ ይፈስለታል፣ የታጠበበትም ወደ ታች ይወርዳል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ እጃቸውንና ፊታቸውን ሲታጠቡ የኖሩት ማንም የጤና ባለሙያ ሳያዛቸው ነው።

ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር ጉድለታችንንም አውቀዋለሁ። ከምግብ በፊት የሚፈሰው ውሃ ብቻ ነበር፤ ሳሙናው የሚቀርበው ከምግብ በኋላ፣ የወጡ ቅባትና ሽታ እንዲለቅ ነው። ማለትም ሳሙናን የምንጠቀምበት ለእጃችን ውበት እንጂ ለሆዳችን ደኅንነት አልነበረም። ፎጣውም አንድ ነው፤ በሃያ ሰው እጅ ሲያልፍ መጨረሻ ላይ ለደረሰው ሰው ርጥበቱን እንጂ ንጽሕናውን አያተርፍለትም። ከሁሉ የከፋው ግን ልማዳችን በሙሉ ከገበታ ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። ከመጸዳጃ ቤት ለሚመለስ ሰው ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚጠብቀው ማንም የለም፤ ስለሱ ማውራትም ነውር ነው። የሕፃን ዓይነ ምድር ደግሞ «የሕፃን ምን አለው» ተብሎ ይናቅ ስለነበር፣ እናት ልጇን አጥባ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሊጡ ትመለሳለች።

በኮሮና ጊዜ የተመለሰ አንድ መልካም ነገር ነበር፤ እጅ ለእጅ ከመጨባበጥና አገላብጦ ከመሳም ይልቅ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት። እሱም አልቆየም። ፌጦውና ነጭ ሽንኩርቱ ግን ኮሮናን ያድናል ተብሎ ዋጋው ከናረ በኋላ ወደ ቀድሞው ቦታ የተመለሰ አይመስለኝም!

እኔን የገረመኝ የልጅ አስታጣቢው ነገር ነው። ከበፊት ጀምሮ ያስታጠበን ሮቶ ሳይሆን ሰው ነበር። ባንክ ቤት በር ላይ የቆሙት ወጣቶችም ሥራቸው ያው ነበር። አንድ ሰው ውሃ ይዞ ፊትህ ሲቆም «አልታጠብም» ማለት አይቻልም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የክበብ አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነርሷን ምክር ተቀብዬ ዛሬ ለካሁት፤ ከመጸዳጃ ቤቱ በር እስከ ቧንቧው 46 እርምጃ ነው፤ ያውም ከክፍሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ። ቧንቧው የተተከለው መስመሩ ባለበት እንጂ ልጆቹ በሚያልፉበት አይደለም።

አባታችን ያነሡት የአስታጣቢው ሐሳብም ለክበባችን አባላት ተስማምቷቸዋል። አሁን ያስጨነቀኝ የሳሙናው ጉዳይ ነው። ደረቅ ሳሙና ባስቀመጥን ቁጥር ወይ ይወሰዳል፣ ወይ ጭቃ ላይ ይወድቃል፤ ደግሞ ወላጆች አንድን ሳሙና ሁሉም ሲነካው በሽታ ያስተላልፋል ብለው ይሠጋሉ። አንዳንዶቹ አመድ ይበቃል ይላሉ፤ አንዲት እናት ደግሞ እንዶድ እናምጣላችሁ ብለውናል። በኮሮና ጊዜ የተረፈ በረኪናም መጋዘን ውስጥ አለ። ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ የአካባቢ ጤና ባለሙያ

በረኪናውን ለወለሉና ለመጸዳጃ ቤቱ ይተዉት፤ ያውም ቆይቶ ከሆነ ኃይሉ ስለሚደክም አዲስ መግዛት ይሻላል። የክሎሪን ውሃ ለእጅ የሚዘጋጀው በ0.05 በመቶ ነው፤ ገበያ ላይ ከሚገኘው ባለ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ ከ99 እጅ ውሃ ጋር ተደባልቆ ማለት ነው፤ ይህም በየቀኑ ይታደሳል። እንደ ኮሌራ ባለ ወረርሽኝ ጊዜ፣ ሳሙና ሲታጣ ይጠቅማል፤ በየዕለቱ ለልጆች ቆዳ ግን አልመክረውም።

አመድ ሳሙና ፈጽሞ በሌለበት ከባዶ ውሃ ይሻላል፤ አልካላይን ስለሆነና ሲታሽ ቆሻሻን ስለሚፍቅ ነው። ነገር ግን በሽታ ለመቀነሱ ያለው ማስረጃ ስስ ነው። እንዶድን በተመለከተ፣ አረፋው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ እውነተኛ አጣቢ ነው፤ እናቶቻችን ነጠላ ያነጡበት በከንቱ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ለማጥፋት እንደሚያገለግል የደረሱበትም በዚሁ ባሕርዩ ምክንያት ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ግን ትንንሽ ልጆች ወደ አፍና ወደ ዓይናቸው በሚወስዱት እጅ ላይ አይውልም። እናትየዋን አመስግነው ለልብስ ይተዉላቸው።

ለትምህርት ቤት የሚመቸው የሳሙና ውሃ ነው። አንድ ተኩል ሊትር የሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ ይውሰዱ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የልብስ ሳሙና ዱቄት ይጨምሩና በውሃ ሞልተው ያናውጡት፤ ክዳኑን በምስማር በስተው በገመድ ከቧንቧው አጠገብ ይስቀሉት። ሲጨመቅ ጥቂት ጥቂት ይወጣል፤ ለመስረቅ አያጓጓም፣ ጭቃ ላይ አይወድቅም፣ ዋጋውም ከደረቅ ሳሙና ያነሰ ነው። ለወላጆቹ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ሆን ተብሎ በባክቴሪያ በተበከለ ደረቅ ሳሙና ሰዎችን አስታጥበው የሞከሩ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው ወደ ታጣቢዎቹ እጅ ሲተላለፍ አላገኙም፤ ሥጋቱ መሠረት የለውም።

አርባ ስድስቱ እርምጃ ግን ዕንቅልፍ የሚነሳ ነው። ቧንቧውን ማዛወር ካልተቻለ፣ የአራተኛ ፎቋ እህታችን ያደረጉትን ባለ ቧንቧ ጀሪካን በመጸዳጃ ቤቱ መውጫ ላይ፣ ልጆቹ ወደ ክፍል በሚመለሱበት በኩል ያቁሙ፤ ውሃ በሚመጣባቸው ሁለት ቀናት ክበቡ በርሜል ሞልቶ ያስቀምጥ። ከዚያ አንድ የወደድኩትን ነገር ይሞክሩ። በባንግላዴሽ ገጠር በሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ እጅ መታጠቢያው መንገድ ሠርተው በላዩ የእግር ዱካ፣ በመታጠቢያው ላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ በደማቅ ቀለም ሳሉ። ምንም ተጨማሪ ትምህርት አልሰጡም። ከመጸዳጃ ቤት ወጥተው በሳሙና የሚታጠቡት ልጆች በፊት 4 በመቶ ነበሩ፤ ሥዕሉ ባለቀ ማግስት 68 በመቶ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ 74 በመቶ ሆኑ። ልጅ ዱካ ሲያይ መርገጡ አይቀርም፤ ዱካው ሲያልቅ ውሃው ፊቱ ነው።

መልስ፦ የክበብ አስተባባሪ

ጀሪካኑ ተገኝቷል፤ ቧንቧውንም አንድ ወላጅ ሊገጥሙልን ቃል ገብተዋል። ለመምህራኑ መጸዳጃ ቤትም አንድ የሳሙና ውሃ ሰቅያለሁ፤ የሚያቃልለኝ ባልደረባዬ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምንም አልተባባልንም። ለዱካው ከክፍል በሮች የተረፈ አረንጓዴ ቀለም አለን። ለልኬት ከአንደኛና ከስምንተኛ ክፍል አንዳንድ ልጅ ጠርተን ብናስኬዳቸው እርምጃቸው ፈጽሞ አልገጥም ስላለ፣ የክበቡ አባላት ዱካውን በማንኛው ልክ እንሣል በሚለው እስካሁን እየተከራከሩ ነው።